ወሰንየለሽ እና የሰው ልብስ

ወሰንየለሽ ልብስ ሰፊ ናት። ከዳላስ ወደ ጋርላንድ በሚወስደው መንገድ ዳር አምስት ሱቆች በአንድ ጣሪያ ሥር የተደረደሩበት ፕላዛ አለ፤ ከዳር ያለችው ጠባቧ ሱቅ የእሷ ናት። ሱሪ ታሳጥራለች፣ የሰፋ ኮት ወገቡን ታስገባለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የሙሽራ ቀሚስ ታስተካክላለች። ድራይ ክሊን የሚፈልግ ልብስም ትቀበልና ወደ ማጠቢያው ትልካለች። አጭር ሴት ናት፤ ከባንኮኒው ጀርባ ስትቆም የሚታየው ከደረቷ በላይ ብቻ ነው። እስፒል በከንፈሮቿ መሀል ይዛ ታወራለች፤ እስካሁን አንድም አልዋጠችም።

እኔ ከደንበኞቿ አንዱ ነኝ። በግንቦት 2012 ዓ.ም.፣ ከተማው በታመሰበት እሁድ፣ ያደረገችውን ነገር ሰው በተለያየ መንገድ ሲያወራው ሰምቻለሁ። አንዳንዱ ጀግና ያደርጋታል፤ አንዳንዱ የሰው ሱቅ አስዘርፋለች ይላል። እኔ ከራሷም፣ ከልጇም፣ እዚያ ከነበሩትም ጠይቄ የሰማሁትን ነው የምጽፈው።

የተወለደችው ጎንደር ከተማ ነው። ታላቅ ወንድሟ በቀይ ሽብር ጊዜ ከሰልፍ ላይ ተወስዶ ሳይመለስ ሲቀር፣ እናቷ እሷን በአሥራ ስምንት ዓመቷ ከአንዲት ዘመድ ጋር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሸኘቻት። ካርቱም ውስጥ ጊርጊስ የሚባል ግብጻዊ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀጠረች። መጀመሪያ ቁልፍ መትከል ብቻ ነበር ሥራዋ። በሦስተኛው ዓመት ሙሉ ኮት ቆርጣ መስፋት ጀመረች።

አንድ ቀን ካርቱም ላይ ረብሻ ተነሳ። ጊርጊስ ሱቁን ቆልፎ ሠራተኞቹን ወደየቤታቸው ሰደደ። በማግስቱ ሲመጡ የቀረው የብረት በሩና የሦስት ስፌት መኪና አጽም ብቻ ነበር። ወሰንየለሽ የማትረሳው ግን እሳቱን አይደለም፤ ከእሳቱ በኋላ የመጣውን ነው። ሰዎች ለወራት ይመላለሱ ነበር። አንድ ሽማግሌ በየሳምንቱ እየመጣ «የልጄ የሰርግ ጀለቢያ የት ደረሰ?» ይላል። ጊርጊስ «ተቃጠለ» ማለት እያቃተው «ነገ ና» ይለዋል። ሽማግሌውም መቃጠሉን ያውቃል፤ ግን ይመጣል። «የራስህ ንብረት ቢጠፋ ታለቅሳለህ፣ ያልፍልሃል። የሰው ነገር እጅህ ላይ ሲጠፋ ግን ምን ትሆናለህ?» ትላለች።

በፈረንጆቹ 1984 ዳላስ ገባች። በልብስ ፋብሪካ፣ ከዚያም በአንድ ትልቅ መደብር ምድር ቤት ውስጥ አሥራ አራት ዓመት የሰው ልብስ ስታሳጥር ቆይታ፣ ከባሏ ከታፈሰ ጋር ይህችን ሱቅ ከፈቱ። ታፈሰ የኤርፖርት ታክሲ ይነዳ ነበር። ከዚያ እሁድ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ በልብ ሕመም ሞተ። የቀረቻት አንዲት ልጅ ናት፣ ሮሆቦት። ያኔ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር፣ ኮሌጅ ትማራለች።

በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ በወረርሽኙ ምክንያት ሱቆች ተዘጉ። ወሰንየለሽ ቤቷ ሆና ጭንብል ስትሰፋ ከርማ በግንቦት መጀመሪያ ሱቋን ስትከፍት፣ ልብሶቹ ሁሉ እንደተንጠለጠሉ ጠበቋት። ሁለት መቶ አሥር ልብስ ነበር። ለተሰረዘ ሰርግ የተሰፉ የሚዜ ቀሚሶች፣ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጭፈራቸው ያሰፏቸውና ጭፈራው የቀረባቸው አብረቅራቂ ቀሚሶች፣ የነርስ ዩኒፎርሞች፣ ሙሉ ልብሶች። ሰው ወይ ፈርቶ፣ ወይ ሥራ አጥቶ፣ ወይ ታሞ ልብሱን ሊወስድ አልመጣም።

በዚያው ወር ሚኒያፖሊስ ላይ አንድ ጥቁር ሰው በፖሊስ ጉልበት ሥር ሞተ፤ ነገሩ ከተማ ለከተማ ተቀጣጠለ። ዓርብ ማታ ዳላስ መሀል ከተማ ላይ መስታወት ተሰበረ። ቅዳሜም ባሰ። ቅዳሜ ማታ ሮሆቦት ሶፋው ላይ ተቀምጣ ካርቶን ላይ በቀለም ትጽፋለች።

«ማሚ፣ ነገ ዳውንታውን እሄዳለሁ።»

«የት? እሳት ወዳለበት?»

«እሳት አይደለም፣ ሰልፍ ነው። መስታወት የሚሰብሩት ሌላ ሰዎች ናቸው።»

«እኛን ምን አገባን ልጄ? በሰው አገር…»

«የሰው አገር አይደለም እኮ። እኔ እዚህ ነው የተወለድኩት። ፖሊስ መኪናዬን ሲያቆም ‹ኦ፣ ይቺ ሀበሻ ናት› አይልም። ሶ፣ እኔ ጥቁር ነኝ። አንቺም ጥቁር ነሽ።»

ወሰንየለሽ ከያዘችው ስፌት ቀና አላለችም። «ወንድሜም ሰልፍ እንዳለ ነው የቀረው» አለች።

ሮሆቦት የአጎቷን ነገር ታውቃለች። «ሶ፣ ማንም ባይወጣ ይሻል ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ወሰንየለሽ ስፌቷን አጣጥፋ ተነሳች። «ጭንብልሽን እንዳታወልቂ» ብላ ወደ መኝታዋ ሄደች።

እሁድ ጠዋት ቅዳሴውን በስልክ ተከታትላ ሱቋ ስትደርስ፣ ኃይለ ማርያም ፒክአፑን በሩ ላይ ፓርክ አድርጎ ኮምፔንሳቶ እያወረደ ነበር። በፕላዛው ሌላኛው ጫፍ ስልክ የሚጠግነውና የሚሸጠው እሱ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በዲቪ መጥቶ ሁለት ዓመት በዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ፣ ከሠራ በኋላ ነው ሱቁን የከፈተው። በመካከላቸው የሶፋል የዶናት ሱቅ፣ አንድ የተዘጋ የታክስ ቢሮና አንድ ባዶ ቤት አለ። ሶፋል ካምቦዲያዊ ነው። ከወሰንየለሽ ጋር ለአሥራ ሰባት ዓመት የተግባቡት በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው፤ ሁለቱም ከጦርነት የወጡ ስለሆኑ ብዙ ማውራት አያስፈልጋቸውም።

«እትዬ ወሰንየለሽ፣ ዛሬ እዚህ ሊመጡ ነው» አለ ኃይለ ማርያም። «ቴሌግራም ላይ ተጽፏል። ማዶ ያለውን ትልቁን መደብር ነው የሚፈልጉት ይላሉ፤ ግን እሱን ይዩት፣ ዘበኛ አለው። ዘበኛ የሌለን እኛ ነን። ፖሊስ ኮል አድርጌ ነበር፤ ‹ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሰዓት እላፊ ነው፣ ዘግታችሁ ግቡ› አሉኝ።»

«አንተስ ምን አሰብክ?»

ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ አሳያት። ወገቡ ላይ ሽጉጥ ታጥቋል። «ፈቃድ አለኝ። የትም አልሄድም።»

ወሰንየለሽ ሱቋ ገብታ የተንጠለጠለውን ልብስ ተመለከተች። ከዚያ የደረሰኞቹን ሳጥን አወጣች፤ በእያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስልክ ተጽፏል። ኃይለ ማርያምና ሶፋል መስታወቶቹን በኮምፔንሳቶ ሲሸፍኑ፣ እሷ እየደወለች «ልብስዎን ዛሬ መጥተው ይውሰዱ፤ ነገ እኔ እጅ ላይ መኖሩን እርግጠኛ አይደለሁም» ማለት ጀመረች።

ለስድስት ሰዓት ያህል ስትደውል ዋለች። የማያነሳ አለ፤ ቁጥሩ የተቆረጠ አለ። ኦክላሆማ መንገድ ላይ ያለ የከባድ መኪና ሾፌር «ሱሪ አይደለም እንዴ? ይቃጠል» ብሎ ሳቀ። ለአንድ ሰው ደግሞ የሚስቱ ሰማያዊ ቀሚስ እንዳለ ነገረችው።

«ሚያዝያ ውስጥ አረፈች» አለ። «ቫይረሱ ነው።»

ወሰንየለሽ ነፍስ ይማር በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ጠፋባት። «ቀሚሱን ልያዝልዎት?» አለችው።

«አይ። እመጣለሁ።»

መጣ። ቀሚሱን ከነላስቲኩ በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ታቅፎ ይዞት ወጣ። እስከ ማምሻው ድረስ እንዲህ ዓይነት ሦስት ሞት ሰማች።

ከሁሉ አስቀድማ የመጣችው ሚስ ኦዴሳ ናት። ሚስ ኦዴሳ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ እዚያው ሰፈር ተወልዳ ያረጀች ጥቁር አሜሪካዊት፣ በቤተ ክርስቲያኗ የአስተናጋጆች ኃላፊ። የአስተናጋጆቹ ነጭ ዩኒፎርም ሁሉ ወሰንየለሽ ዘንድ ነበር። ልብሱን መኪናዋ ላይ ካስጫነች በኋላ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

«የሰውን ሁሉ ስታወጪ፣ አንቺስ?»

«እኔ እዚሁ ነኝ።»

«ብቻሽን?»

«ሶፋል አለ። ኃይለ ማርያምም አለ።»

ሚስ ኦዴሳ ወደ ኃይለ ማርያም ወገብ ተመለከተች። ከዚያ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሦስት መኪና ተመለሰች። ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ፣ አብዛኞቹ ሽማግሌዎች፤ ታጣፊ ወንበር፣ ጥላ፣ በረዶ የተሞላ የውኃ ሳጥን ይዘዋል። ልብሳቸውን ሊወስዱ ከመጡት ደንበኞችም አምስት ስድስቱ «እኛም ትንሽ እንቆይ» ብለው ቀሩ። ወንበሮቹን በሱቆቹ ፊት ለፊት ደርድረው ተቀመጡ።

ሚስ ኦዴሳ ወሰንየለሽን ወደ ዳር ወሰደቻት። «ያ ልጅ ሽጉጡን ካላስቀመጠ ሰዎቼን ይዤ ነው የምሄደው። ፖሊስ ሲመጣ የማን ሽጉጥ ነው ብሎ አይጠይቅም። ጥቁሮች ታጥቀው ቆመዋል ነው የሚለው። ከነዚህ ውስጥ ልጇን በዚያ መንገድ የቀበረች አለች።»

ወሰንየለሽ ወደ ኃይለ ማርያም ሄዳ የተባለውን ነገረችው።

«እትዬ፣ እኔንም ይስሙኝ እንጂ። እኔ ይሄን ሱቅ ሌሊት ሌሊት ዌርሃውስ ሣጥን ተሸክሜ ነው ያቆምኩት። አሁን ወንበር ላይ የተቀመጡ አሮጊቶች ይጠብቁልኛል?»

«አላውቅም። ይጠብቁልህ ይሆናል፣ አይጠብቁልህም ይሆናል።»

«ታዲያ?»

«ሰው ብትገድልስ? ለስልክ ብለህ ሰው ብትገድል፣ በኋላ ስልኩ ይመልስልሃል?»

«እነሱ ቢገድሉኝስ?»

«ስለ እመቤቴ ብዬ ለምኜሃለሁ፣ ኃይሌ።»

ኃይለ ማርያም ፒክአፑን ከፍቶ ሽጉጡን ውስጥ አስቀመጠ፣ ቆለፈው፣ ቁልፉን ይዞ ሊሄድ ሲል ወሰንየለሽ እጇን ዘረጋች። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግን ሰጣት። ቁልፉን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ሰልፈኞች በመንገዱ መጡ። ስልሳ ያህል ይሆናሉ፣ አብዛኞቹ ወጣቶች። ካርቶን ይዘው እየጮኹ ያልፋሉ። ሚስ ኦዴሳ ተነስታ «ውኃ ጠጡ ልጆቼ» አለች፤ ቆመው ጠጡ፤ አንዷ አመስግና ባዶ ጠርሙሶቹን ሰብስባ ሄደች። ኃይለ ማርያም እንኳን ፈገግ ብሎ እንደነበር ሶፋል ይናገራል። አለፈ አሉ።

ሰልፉ ከዓይን ከጠፋ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሶፋል በድንገት ተነስቶ ጆሮውን አቀና። «ከጀርባ!» አለ።

ከፕላዛው ኋላ የቆሻሻ ገንዳ የሚቆምበት ጠባብ መንገድ አለ። ፊት ለፊቱን ሲሸፍኑ የኋላውን በር ማንም አላሰበውም። ሮጠው ሲደርሱ ሦስት መኪና ቆሟል፤ የኃይለ ማርያም ሱቅ የኋላ በር በብረት ተፈልቅቋል፤ ፊታቸውን የሸፈኑ ሰባት ስምንት ሰዎች ካርቶን እየተቀባበሉ ይጭናሉ። ከሰልፈኞቹ ውስጥ አልነበሩም፤ ሰልፉን መሸፈኛ አድርገው የመጡ ናቸው። ኃይለ ማርያም ዘሎ ሊገባ ሲል አንደኛው የበር መፈልቀቂያውን ብረት አነሳበት።

ኃይለ ማርያም ወደ ኋላ ዞሮ ወደ ወሰንየለሽ መጣ። «ቁልፉን አምጪ!»

ከተዋወቁ ጀምሮ በአንቱታ ነበር የሚያናግራት። አንቺ ሲላት ያኔ የመጀመሪያው ነው።

«አልሰጥህም።»

«ቁልፉን አምጪ አልኩሽ! እያየሽ አይደለም?»

«አያለሁ።»

ክንዷን ይዞ ነቀነቃት። እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ ቁልፉን ጨብጣ ነበር፤ የቁልፉ ጥርስ መዳፏ ውስጥ ገብቷል። አጥብቆ ቢታገላት ይወስደው ነበር፤ አንዲት አጭር ሴት ናት። አልወሰደም። የያዘውን ክንድ ይዞ እንደቆመ ማልቀስ ጀመረ።

በዚህ መሀል የሚስ ኦዴሳ ሰዎች ደረሱ። አልሮጡም፤ መሮጥም የሚችል ዕድሜ ላይ አይደሉም። አንዳንዱ የተቀመጠበትን ወንበር አጥፎ እንደያዘ ነው። መንገዱን ሞልተው ዝም ብለው ቆሙ። ሚስ ኦዴሳ «የሰሌዳ ቁጥራችሁን እያነበብኩ ነው» አለች ጮክ ብላ፤ እውነቱን ለመናገር መነጽሯን አላደረገችም ነበር። ሰዎቹ መኪናቸው ውስጥ ዘለው ገቡ። የመጨረሻው ከመግባቱ በፊት የተለኮሰ ጨርቅ ያለው ጠርሙስ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ ወረወረ።

እሳቱን ያጠፋው ሶፋል ነው። ከዶናት መጥበሻው አጠገብ የሚሰቀለውን ቀይ የእሳት ማጥፊያ ይዞ ገባ፤ ነጭ በነጭ ሆኖ እየሳለ ወጣ። ጣሪያው የሁሉም አንድ ነው። ሁለት ደቂቃ ቢዘገይ አምስቱም ሱቅ አብሮ ይነድድ ነበር። ፖሊስ የመጣው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው። ሪፖርት ጻፉ፣ ሰዓት እላፊ መድረሱን ነግረው ሁሉንም በተኑ።

ሮሆቦት እናቷን ስትፈልግ በእግሯ ነበር የደረሰችው፤ መንገዱ ተዘግቶ መኪናዋን ርቃ ነው ያቆመችው። የእናቷን ክንድ አየች፤ ጠቁሯል።

«ማሚ! ማነው ይሄን ያደረገው?»

«በር መትቶኝ ነው።»

እውነቱን የነገረቻት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

በኃይለ ማርያም ሱቅ ውስጥ አንድም የሚሸጥ ስልክ አልቀረም። የከፋው ግን እሱ አልነበረም። ሰዎች እንዲጠገንላቸው ትተዋቸው የሄዱ አሥራ ስምንት ስልኮች ነበሩ፤ እነሱም አብረው ሄደዋል። ወሰንየለሽ ይህን ያወቀችው ሰኞ ጠዋት ከኃይለ ማርያም ሱቅ የወጣ የመስታወት ስባሪ ስትጠርግ ነው። አንዲት ሴት መጥታ በተፈለቀቀው በር ወደ ውስጥ እያየች «የሞተው የወንድሜ ድምፅ ያለው እዚያ ስልክ ላይ ነው» ትላለች። ኃይለ ማርያም መሬት መሬቱን እያየ «ነገ ይምጡ» አላት።

ወሰንየለሽ መጥረጊያውን ይዛ ደርቃ ቀረች። እሁድን ሙሉ የሰው ልብስ፣ የሰው ልብስ ስትል ነበር። «አንተስ እጅ የሰው ነገር አለ ወይ?» ብላ ለመጠየቅ አንድ ጊዜ እንኳን አልመጣላትም። «የእኔን ሳወጣ የእሱንም ማስወጣት እችል ነበር» አለችኝ። «ስለ ሽጉጡ አይጸጽተኝም። ይሄ ግን ይጸጽተኛል።»

ልታናግረው ሞከረች፤ አላናገራትም። ለሰው ግን ያወራ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን ሲከፈት በግቢው፣ በለቅሶ ቤት፣ በየሰዉ ስልክ። «ሽጉጤን ባትቀማኝ ኖሮ ሱቄ አይዘረፍም ነበር» ይላል። ሰውም እሷን አይቶ ይንሾካሾካል። አረጋሽ የምትባል የማኅበር ጓደኛዋ ተቆጥታ «አንቺ ለምን አትመልሺለትም?» ብትላት፣ «ምን ብዬ? እውነቱን እኮ ነው። ቁልፉን ባልይዝበት ምናልባት ይሸሹ ነበር» አለች።

አንድ ቀን የኃይለ ማርያም ሚስት ሰብለወርቅ ወደ ሱቋ መጣች። የሚጠገን ልብስ አልያዘችም። ቦርሳዋ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ነበር፤ የአሥራ ስምንቱ ባለስልኮች ስም፣ የሚገኙበት ሌላ ስልክ ቁጥርና አድራሻ።

«እሱ አይደውልም» አለች ሰብለወርቅ። «ሌሊት እየተነሳ ይቀመጣል፣ ግን አይደውልም። እንግሊዝኛዬ ደግሞ… እትዬ፣ እርስዎ እኮ ሰው ማናገር ያውቃሉ።»

ሁለቱ ሴቶች ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሰዓት በኋላ ባንኮኒው ላይ ተቀምጠው ደወሉ፣ የማይገኘውንም ቤቱ ድረስ ሄዱ። «ተሰርቋል። አይመለስም። ይቅርታ» ይላሉ። የሰደባቸው አለ። በሩን የዘጋባቸው አለ። የወንድሟ ድምፅ የጠፋባት ሴት ወሰንየለሽን ቤት አስገብታ ስለ ወንድሟ ሁለት ሰዓት አወራቻት። ሮሆቦት መጥታ የሴትየዋን አዲስ ስልክ ስትፈትሽ፣ ከድምፆቹ ጥቂቶቹ በጠፋው ቀፎ ላይ ብቻ ሳይሆን ኢንተርኔት ላይም ተቀምጠው ተገኙ፤ አወጣችላት። ከአሥራ ስምንቱ የተመለሰው ያ ብቻ ነው።

ኃይለ ማርያም የዚያን ዓመት መኸር ላይ ቤተሰቡን ይዞ ከዳላስ ወጣ ብላ ወደምትገኘው ዋይሊ ሄደ። ኢንሹራንሱ ግማሹን እንኳን አልሸፈነለትም፤ ተመልሶ ዌርሃውስ ገባ፣ ቆይቶ እዚያው ዋይሊ አነስተኛ ሱቅ ከፈተ። ሚስቱ መደወሏንም፣ ከማን ጋር እንደደወለችም በኋላ ሰምቷል። ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ለወሰንየለሽ አንገቱን ዝቅ ያደርግ ጀመር፣ ከዚያ ግን አያልፍም።

በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ማክሰኞ ቀን፣ የሱቋ በር ተከፈተና ኃይለ ማርያም ሙሉ ልብስ በትከሻው አንጠልጥሎ ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ወሰንየለሽ እስፒሉን ከአፏ አወጣች።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ልሥራልህ?»

«ሱሪው ረዝሞብኛል። ዓርብ ነው የምፈልገው።»

ሱሪውን አስለብሳ መስታወቱ ፊት አቆመችውና ተንበርክካ የሱሪውን ጫፍ አጠፈች። እላይ ሆኖ ማውራት ጀመረ፤ ፊቷን ሳያይ መሆኑ የቀለለው ይመስላል።

«ዓርብ ዜግነት ልቀበል ነው። ቃለ መሐላ አለ።»

«እንኳን ደስ ያለህ!»

«ኢንተርቪው ላይ ምን እንደሚጠይቁ ያውቃሉ አይደል? እርስዎም አልፈውበታል። ታስረህ ታውቃለህ? ሰው ላይ ጉዳት አድርሰህ ታውቃለህ? ማለቴ፣ ወረቀቱን ስሞላ ‹አይ› ብዬ እጽፋለሁ፣ እዚያች ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል። ሦስት ጊዜ ነው የቆመው።»

ወሰንየለሽ ሁለተኛውን እግር ለካች።

«ትክክል ነበሩ ልልዎት አይደለም የመጣሁት» አለ። «ሱቄ ሄዷል። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። ግን ክንድዎን ይዤ ያደረኩት ነገር… ለእሱ ነው የመጣሁት። ይቅር ይበሉኝ።»

ወሰንየለሽ ጉልበቷ ስለሚያማት ባንኮኒውን ይዛ ተነሳች። «ያኔውኑ ነው የተውኩት» አለች። «የስልኮቹን ነገር ሳልጠይቅህ ስለቀረሁ ደግሞ አንተ ይቅር በለኝ።»

«የምን ስልክ?»

«የሰው ስልክ። ልብስ ሳወጣ፣ አንተም አውጣ ማለት ነበረብኝ።»

ኃይለ ማርያም እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩን በዚያ በኩል አስቦት እንደማያውቅ ከፊቱ ታወቀ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠው እንዳወሩ ነው የነገረችኝ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዋይሊ ትራፊክ፣ ስለ ሰብለወርቅ የነርስ ረዳትነት ትምህርት። ሱሪውን ቁጭ ብሎ እያየ ጨርሳ ሰጠችው፤ ዓርብን አልጠበቀም።

ሶፋል ባለፈው ዓመት የዶናት ሱቁን ሸጦ ሳክሲ የምትባል ከተማ ከልጁ ጋር ይኖራል። ሚስ ኦዴሳ አሁንም በየሦስት ወሩ ነጭ ዩኒፎርሞቹን ታመጣለች፤ አሁን የሚነዳላት የልጅ ልጇ ነው። ሮሆቦት ሕግ እየተማረች ነው። ወሰንየለሽ ስልሳ አምስት ዓመቷን ካለፈች ወዲህ ሐሙስን ትዘጋለች፤ በቀሩት ቀኖች ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ክፍት ነው። ሱቋ ስትገቡ በስተቀኝ በኩል «ከሠላሳ ቀን በላይ ለቆየ ልብስ ኃላፊነት አንወስድም» የሚል፣ በመደብር ተቀጥራ ከምትሠራበት ዘመን ይዛው የመጣችው የታተመ ማስታወቂያ ተሰቅሎ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሱሪ ላሳጥር ስሄድ ቦታው ባዶ ነው። የት ሄደ ብላት፣ ግድግዳውን ስታስቀባ አውርዳው እንደነበርና መልሶ መስቀሉ እንዳላስፈለጋት ነገረችኝ፤ ከዚያ «ቁም፣ አትንቀሳቀስ» ብላ ሜትሯን ወገቤ ላይ ጠመጠመችው።